ጥያቄና መልስ፦ የፎርሙላ ዋን ቡድኖችን ደረጃ ውድድሩ ሳይጀመር እንዴት ልገምት?

ዙር ቆጣሪ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኞቼ ጋር በየዓመቱ የቡድኖችን የመጨረሻ ደረጃ እንገምታለን። ግምቱ የሚዘጋው ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ነው። በ2023 የቅድመ ውድድር ሙከራውን አምኜ አስቶን ማርቲንን ሁለተኛ፣ ማክላረንን ዘጠነኛ አደረግኩ። ማክላረን አራተኛ ወጣ፣ አስቶን ማርቲን አምስተኛ። እስካሁን ይሳቅብኛል። አሁን ደግሞ በ2026 ደንብ መኪናው ከነሞተሩ ተቀየረ። ሙከራው ላይ ምኑን ልይ? በዓመቱ መሃል አንድ ጊዜ ሁለት ቡድኖችን ማቀያየር ይፈቀድልናል፤ እሱንስ መቼ ልጠቀምበት?

አሮጌ ጎማ፦ ሙከራውማ አልዋሸህም። የአስቶን ማርቲኑ ሹፌር አሎንሶ ያን ዓመት በመጀመሪያዎቹ 8 ውድድሮች 6 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ማለት ነው)። ግምትህ ለመጋቢት ልክ ነበር፣ ለኅዳር ግን አልሆነም። ማክላረን ኦስትሪያ ላይ አዲስ አፕግሬድ (የተሻሻለ የመኪና ዕቃ) ይዞ መጣ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንግሊዝ፣ ሲልቨርስቶን ላይ ሹፌሩ ኖሪስ ሁለተኛ ወጣ።

ምክሬ አጭር ነው፤ የፈጣን ዙር ሰንጠረዡን እርሳው። 10 ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ይበላል። ማን ስንት ኪሎ እንደጫነ ደግሞ ማንም አይነግርህም። በ2019 ባርሴሎና ላይ በተደረገው ሙከራ ፌራሪ ከመርሴዲስ በ0.003 ሰከንድ ፈጠነ፣ ሁላችንም ዓመቱ የፌራሪ ነው አልን። መርሴዲስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ውድድሮች አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ጠቀለላቸው።

ይልቅ ጎማ ሳይቀይሩ፣ ሳያቋርጡ 15 ዙርና ከዚያ በላይ ሲነዱ ተመልከት። ጎማው ሲያልቅ አንድ ዙር የሚፈጀው ሰዓት ምን ያህል ይረዝማል? መኪናው በቀን ስንት ዙር ይሸፍናል? ሞተሩ አዲስ በሆነበት ዓመት ጋራዥ ውስጥ የሚውል መኪና ጥሩ ምልክት አይደለም።

ክንፍና ወለል፦ እኔ የምጨምረው የአየሩን ጉዳይ ነው። ቡድኖች መኪናውን ዊንድ ተነል (ሰው ሠራሽ ነፋስ የሚነፍስበት መፈተሻ) ውስጥ የሚፈትሹት ከ60 በመቶ ባልበለጠ ሞዴል ነው። የነፋሱም ፍጥነት በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር እንዲያልፍ አይፈቀድም። እውነተኛው መኪና ግን ከ300 በላይ ይሄዳል። ጣጣው ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የ2022ቱን መርሴዲስ አስታውስ። ጎኑ ተላጭቶ ቀጥኖ ሲመጣ እኔ ራሴ «አለቀ፣ ዋንጫው ተወሰደ» ብዬ ነበር። ትራኩ ላይ ሲወጣ እንደ ፈረስ መዝለል ጀመረ። ወለሉ መኪናውን ወደ መሬት ይስበዋል፤ በጣም ሲጠጋ አየሩ ይታፈናል፣ መኪናው ይነሳል፣ እንደገና ይሳባል። 8 ዓመት በተከታታይ የቡድን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አንድ ውድድር ብቻ አሸነፈ፤ እሱንም ሹፌሩ ራስል ብራዚል ላይ።

ስለዚህ መኪናው ላይ የሚታሰረውን፣ የብረት መረብ የሚመስለውን የአየር መለኪያ ልብ በል። በመጀመሪያው ጠዋት ሁሉም ያስሩታል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አሁንም ታስሮ ካየኸው፣ እዚያ ቤት ኮምፒውተሩ ያሰላውና ትራኩ ላይ የታየው ሳይጣሉ አልቀሩም።

ዙር ቆጣሪ፦ ይሄን መረብ ሳየው ኖሬ ትርጉሙን ዛሬ ገና አወቅኩ። ታዲያ በአዲሱ ደንብ የሚወስነው አየሩ ነው ወይስ ሞተሩ?

ክንፍና ወለል፦ ዘንድሮ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ከ2011 ጀምሮ በውድድር ላይ የኋላ ክንፍ የሚከፈተው ከፊት ላለው መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለቀረበ ብቻ ነበር። አሁን የፊቱም የኋላውም ክንፍ በቀጥታው መንገድ ለሁሉም ይከፈታል። የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አድጓል። አየር የሚጎትተው መኪና ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። የክንፉ ስህተት በሞተሩ ድካም ይታይሃል ማለት ነው።

ሰባተኛ ማርሽ፦ ለመለየት አንድ ዘዴ አለች። የመርሴዲስን ሞተር አራት ቡድኖች ይጠቀማሉ፦ ራሱ መርሴዲስ፣ ማክላረን፣ ዊሊያምስና አልፒን። አራቱም በቀጥታው መንገድ ከበረሩ ሞተሩ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የዚያን ቡድን የመኪና ቅርጽ ጠርጥር።

ፒት ሌን፦ ምን ታደክሙታላችሁ? ታዋቂው የመኪና ንድፍ አውጪ ኒውዌይ ያለበትን ቡድን አንደኛ አድርጎ ይተኛ።

ሰባተኛ ማርሽ፦ ኒውዌይ አስቶን ማርቲን የገባው መጋቢት 2025 ላይ ነው። የሞተር አቅራቢው ሆንዳም ለቡድኑ አዲስ ነው። ሰውዬው ሊቅ ነው፣ ግን ለሁሉም የሚበቃ እጅ የለውም።

ፒት ሌን፦ እሺ እሱን ተውት። ግን አሮጌ ጎማ ለመጋቢት ልክ የሆነ ግምት ለኅዳር አይሆንም በሚለው አልስማማም። ደንብ ሲቀየር መጀመሪያ የነቃ ይበላል። በ2009 ብራውን የሚባለው ቡድን ባለሁለት ፎቅ ዲፊውዘሩን (ከመኪናው ወለል ኋላ ያለውን የአየር መውጫ) ይዞ መጣ፣ ሹፌሩ በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ። ሌሎቹ ኮርጀው ሲደርሱበት፣ ያጠራቀመው ነጥብ ለሹፌሩም ለቡድኑም ዋንጫ በቃ።

አሮጌ ጎማ፦ ይሄማ እውነት ነው፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ብቻ ያኔ አሁን ያለው የአየር ሙከራ ገደብ አልነበረም። ዛሬ የደረጃው አንደኛ የሚፈቀድለት የአየር ሙከራ ከመነሻ መጠኑ 70 በመቶ ነው፣ የአስረኛው 115። ከኋላ ያለው ለመድረስ ሰፊ ዕድል አለው። ማክላረን የ2026 መኪናውን ሲሠራ 2025ን ሙሉ በ70 በመቶ ነው የከረመው። ስለዚህ እኔ አንደኛ አላደርገውም።

ዙር ቆጣሪ፦ መቀያየሪያዬንስ?

አሮጌ ጎማ፦ ከመጀመሪያው ትልቅ አፕግሬድ በፊት እንዳትነካት። አዲሱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ሁለት የተለያዩ ትራኮች ላይ እየው፤ አንዱ ፈጣን ማጠፊያ የበዛበት ይሁን። በ2024 የሬድ ቡል ሹፌር ቬርስታፐን ከመጀመሪያዎቹ 10 ውድድሮች 7ቱን አሸንፎ ነበር። ከዚያ የቡድኑ አዳዲስ ዕቃዎች እንደታሰበው አልሠሩም፣ ቡድኑ በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣ። ሹፌሩ ግን ዋንጫውን ወስዷል፤ እናንተ የምትገምቱት ቡድን ስለሆነ ይሄን አትርሳ።

ዙር ቆጣሪ፦ ተባረኩ። መርሴዲስ አንደኛ፣ ማክላረን ሁለተኛ ብዬ ጀምሬያለሁ። መጨረሻ ላይ አዲሱን ቡድን ካዲላክን አስቀምጫለሁ። መሃሉን ከሙከራው በኋላ እሞላዋለሁ፣ መረቡን እየቆጠርኩ።

ፒት ሌን፦ አስቶን ማርቲንንስ?

ዙር ቆጣሪ፦ አምስተኛ። አንዴ ተቃጥያለሁ።