ከዛፍ ጥላ ሥር የማነሳው ፖርትሬት አገጭ ሥር አረንጓዴ እየሆነብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ሣር ላይ አቁሜ ሳነሳ ግንባሩና ጉንጩ በትክክለኛ ቀለሙ ይወጣል፤ አገጩ ሥርና አንገቱ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። ነጭ ሸሚዝ ከለበሰማ ኮሌታው እጥፋት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ከፊቱ ያለው ፀሐይ ያረፈበት ሣር ብርሃኑን ቀለሙን አስይዞ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸር 2.8፣ ሹተር 1/250፣ አይኤስኦ 400 ነው፤ የማነሳው በRAW (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው። ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) በግሬይ ካርድ፣ ማለትም በግራጫ መለኪያ ካርድ፣ ለክቻለሁ፤ ካርዱ ግን ወደ ካሜራው ስለሚዞር ከታች የሚመጣውን ብርሃን የአገጩን ሥር ያህል አያገኘውም። ቲንቱን (የአረንጓዴና የማጀንታ ማስተካከያውን) ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ ቀይ፣ ስገፋው አንገቱ ሲስተካከል ግንባሩ ወደ ቀይ ያደላል። አንገቱን ብቻ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል በሚመርጥ መሣሪያ) ለይቼ ሳርመው ጥሩ ይወጣል፤ 300 ፎቶ ባለበት ዝግጅት ላይ ግን የሚቻል አይደለም።

ስለዚህ ከእግሩ ፊት 1.5 በ2 ሜትር ጨርቅ ባነጥፍ ይበቃል? ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ካገኘው ፊቱን ከታች አብርቶ መልኩን እንዳያበላሽ፣ ጥቁሩ ደግሞ የዓይኑን ጉድጓድ እንዳያጨልመው እሰጋለሁ። ግራጫ የሞከራችሁ ካላችሁ ከእግሩ ምን ያህል አርቃችሁ እንዳነጠፋችሁት ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።