የመክፈቻው ምሽት ፓናል ይቅር ወይስ ይኑር? የጋራ ፕሮፖዛላችንን እዚህ እንቅረጽ

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። እንደምታውቁት የዩኒቨርሲቲው ጋለሪ ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት የዘመኑን ሥነ ጥበብ የሚያሳዩ ዐውደ ርዕዮች እያሰናዳ ነው። ከነሱ ጎን የሚካሄዱትን ንግግሮችና የፓናል ውይይቶች ማኅበራችን ከጋለሪው ጋር ሆኖ እንዲያዘጋጅ ተጠይቀናል። ፕሮፖዛሉ አንድ ነው የሚሆነው። እኔ ለመነሻ የተለመደውን አስቀምጫለሁ፤ በመክፈቻው ምሽት አንድ ፓናል፣ አራት ተወያይ፣ አንድ አወያይ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄና መልስ። ቁረጡት፣ ቀጥሉት፤ ስንስማማ እኔ እጽፈዋለሁ።

የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ፦
እህቴ፣ አትቀየሚኝና የመክፈቻው ፓናል ቢቀር እመርጣለሁ። ያን ምሽት ሰው ሥራዎቹን ገና አላያቸውም። ምኑን ይጠይቃል? ግማሹ ሰላምታ ላይ ነው፣ ግማሹ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ተወያዮቹም ይሄን ያውቁታል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለውን ትተው ስለ «ሥነ ጥበብና ኅብረተሰብ» በጥቅሉ ያወራሉ። እሱን ደግሞ ኤግዚቢሽን በሌለበት ቀንም መስማት ይቻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
በመክፈቻው ግን አዳራሽ ይሞላል። ሌላ ቀን ማን ይመጣል?

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር፦
አዳራሽ መሙላትና መወያየት ለየቅል ናቸው። ሁለት ምሳሌ ልስጥ፤ ሁለቱም ጀርመን ካሰል ከተማ በየአምስት ዓመቱ ከሚካሄደው ዶክመንታ ከሚባለው ትልቅ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ካትሪን ዳቪድ ስትመራው ዐውደ ርዕዩ ለ100 ቀን ክፍት ነበር። በእያንዳንዱ ቀን አንድ እንግዳ እየመጣ ይናገር ነበር፤ 100 ቀን፣ 100 እንግዳ። ቀጣዩን ዶክመንታ የመራው ኦክዊ ኤንዌዞር ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ውይይቱን ዐውደ ርዕዩ ከመከፈቱ ከዓመት በላይ ቀድሞ በቪየና ጀመረው። ከዚያ በርሊን፣ ኒው ዴልሂ፣ ሴንት ሉሺያና ሌጎስ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2002 ካሰል ላይ የተከፈተው ዐውደ ርዕይ ራሱ በተራ ቁጥር አምስተኛው መድረክ ተብሎ ነው የተቆጠረው (ቪየናና በርሊን እንደ አንድ መድረክ ተቆጥረው)። አንዱ ውይይቱን ቀን በቀን ዘረጋው፣ ሌላው ከፊት አስቀደመው። የመክፈቻ ምሽት ማሟሻ ያደረገው ግን የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
መምህር፣ ምሳሌው ያምራል። በጀቱ ግን የካሰል አይደለም። 100 እንግዳ ቀርቶ አምስት ቢመጣ ለትራንስፖርታቸው እጨነቃለሁ።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ቁጥሩን እንቅዳ አላልኩም፤ ጊዜውን ነው። ለአንድ ዐውደ ርዕይ ሁለት ውይይት ይበቃል። አንዱ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሌላው ሊዘጋ ሲል። ሥራውን ደጋግሞ ያየ ሰው የሚኖረው ያኔ ነው።

የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ፦
ስለ ዶክመንታ ከተነሳ አይቀር፣ ጀርመናዊው ሰዓሊ ጆሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1972 እዚያው ያደረገውን እወደዋለሁ። ቢሮ ከፍቶ 100ውንም ቀን ከሚመጣው ሰው ጋር ስለ ቀጥተኛ ዴሞክራሲ ሲከራከር ነበር። መድረክ የለ፣ አወያይ የለ። (በዚያው ዓመት ከሚያስተምርበት የዱሰልዶርፍ አካዳሚ ተባረረ፤ ያልተቀበሏቸውን አመልካቾች ካልተቀበልኩ ብሎ። ይሄኛውን ፕሮፖዛሉ ውስጥ ባንጠቅሰው ይሻላል።) የምለው፣ ሰዓሊው አንድ ከሰዓት በኋላ ጋለሪው ውስጥ ወንበር ይዞ ይቀመጥ። የመጣው ያናግረው። የአንድ ሰው አበል ብቻ ነው የሚያስወጣን።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄኛውን እፈርማለሁ።

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦
አራት ተወያይ የሚለው ላይ ልምጣ። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ዝግጅቱ 90 ደቂቃ ነው እንበል። 10 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀመራል፤ ይሄ የታወቀ ነው። መክፈቻ ንግግርና ማስተዋወቅ 10 ደቂቃ። አራቱም 15 15 ደቂቃ ሲናገሩ 60። ለታዳሚው 10 ደቂቃ ቀረ፤ እሱም ማንም ሰዓቱን ካላለፈ ነው። ማን ነው የማያልፈው? ይሄ ውይይት ሳይሆን ተራ በተራ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። እኔ ሁለት ተወያይ እላለሁ። አንዱ ሥነ ጥበቡን የሚያውቅ፣ ሌላው ከሌላ የትምህርት ክፍል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሆናችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሥራዎቹ ስለ ውኃ ከሆኑ የውኃ ምሕንድስና ክፍል አጠገባችን ነው። ስለ ትዝታ ከሆኑ የሥነ ልቦና ክፍል አለ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ከሌላ ክፍል የሚመጣው ሰው ቀደም ብሎ ጋለሪው ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሳልፍ፣ የሚናገርበትንም አንድ ሥራ ራሱ ይምረጥ። ካልሆነ የክፍሉን ሌክቸር ይዞብን ይመጣል። አይቻለሁ፤ ሥዕሉ ከጀርባው ተሰቅሎ አንዴም ዞር ብሎ አላየውም።

ጸሐፊ፦
ተወያይ ሁለት፤ ያዝኩት። ጥያቄና መልሱስ? «ጥያቄ የለኝም፣ አስተያየት ነው» ብሎ ማይኩን የሚይዘውን ሰው ምን እናድርገው?

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦
እሱን አትጥሉት፣ አንዳንዴ ደህና ነገር ይናገራል። ችግሩ እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለቱ ነው። ሦስት ነገር እንሞክር። አንደኛ፣ ጋለሪው በር ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀትና ሣጥን ይቀመጥ፤ ሰው ጥያቄውን ጽፎ ይክተት። አወያዩ ውይይቱን የሚከፍተው ከዚያ በወጣ ጥያቄ ነው። መናገር የሚፈራው ተማሪ ድምፅ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ ተወያዮቹ ሲጨርሱ ወዲያው ማይክ አይዙር። ሰው አጠገቡ ካለው ጋር ሦስት ደቂቃ ያውራ። ከዚያ በኋላ የሚነሳው እጅ ይበዛል። ሦስተኛው የመዝጊያውን ውይይት ይመለከታል። ሎይስ ዊቨር የምትባል የቴአትር ሰው «ረጅም ጠረጴዛ» የሚባል አካሄድ አላት። መሃል ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ዙሪያውን ጥቂት ወንበር። መናገር የፈለገ መጥቶ ይቀመጣል፣ የበቃው ተነስቶ ይሄዳል። ወንበር እስኪለቀቅ ከውጭ ሆኖ መስማት ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል፤ የሚጽፍ ይጽፍበታል። ተወያይና ታዳሚ የሚባል ነገር ይቀራል።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር፦
ጠረጴዛው ጥሩ ነው። ለሁሉም ዐውደ ርዕይ ግን አይሁን። አንዳንዱ ሥራ በእርጋታ የሚያብራራ ሰው ይፈልጋል።

የጋለሪው ኃላፊ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ሁላችሁም «ጋለሪው ውስጥ» ስትሉ እየሰማሁ ነው። ውስጡን ልንገራችሁ። ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ጠንካራ ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል። ያለ ድምፅ ማጉያ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ማንም አይሰማም። ትንሽ ትንሽ ስፒከር በተለያየ ቦታ ይሻላል። የቪዲዮና የድምፅ ሥራ ካለ በውይይቱ ሰዓት መጥፋት አለበት፤ ይሄ ደግሞ የሰዓሊውን ፈቃድ ይጠይቃል። ወንበር ከሥራዎቹ ይራቅ። መሬት ላይ የተቀመጠ ሥራን ወደ ኋላ አፈግፍጎ የሚረግጥ ሰው ሁሌም አይጠፋም። የሰው ቁጥር ከፍ የሚል ከሆነ ወደ አዳራሽ እንሂድ፤ ግን መጀመሪያ ታዳሚው በጋለሪው በኩል እንዲያልፍ እናድርግ።

የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ሰዓሊው ራሱ መናገር ካልፈለገስ?

የጋለሪው ኃላፊ፦
ልጄ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ እሱ ነው። በደብዳቤ «ሥራዎን እንዲያስረዱ» ስንል ይሸሹናል። እውነታቸውን ነው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር፦
አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ሰው አንድሪያ ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1989 ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አስጎብኚ መስላ ያቀረበችውን አስታወሳችሁኝ። ጎብኚዎችን እየመራች፣ በዚያው በተራቀቀ የአስጎብኚ ቋንቋ ውኃ መጠጫውን ሳይቀር እንደ ድንቅ ሥራ ታወድሰው ነበር። የኛ የማብራሪያ ንግግሮች ብዙዎቹ ሳይታወቃቸው ይሄንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሰዓሊውን ያስመርጠው፤ ይናገር፣ ወንበር ይዞ ይቀመጥ፣ ወይ ሌላ ሰው ይወክል። ሦስቱም ክብር ያላቸው ናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀረጻውስ? አስተዳደሩ መቅረጹን ይወዳል።

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦
የተወያዮቹ ንግግር ይቀረጽ፣ የታዳሚው ጥያቄ ሲጀመር ካሜራው ይጥፋ። ካሜራ እያየው የመምህሩን ሐሳብ የሚሞግት ተማሪ ጥቂት ነው። ተወያዮቹም አስቀድመው በጽሑፍ ይፍቀዱ። የሥራዎቹ ምስል ቪዲዮው ላይ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የሰዓሊው ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ጸሐፊ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ረቂቁ ይሄው፦

«ለእያንዳንዱ ዐውደ ርዕይ ሁለት ዝግጅቶች ይኖራሉ። በመክፈቻው ምሽት አጭር ሰላምታ እንጂ ፓናል አይኖርም። የመጀመሪያው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚካሄድ ሲሆን ሁለት ተወያዮች ይኖሩታል፤ አንደኛው ከሌላ የትምህርት ክፍል ሆኖ አስቀድሞ ጋለሪውን ጎብኝቶ አንድ ሥራ የመረጠ ይሆናል። ከጠቅላላው ጊዜ ቢያንስ ግማሹ የታዳሚው ነው። ሁለተኛው በመዝጊያው ሳምንት ይካሄዳል፤ ክፍት ጠረጴዛ ይሁን ንግግር በዐውደ ርዕዩ ባሕርይ ይወሰናል። ሰዓሊው የሚሳተፍበትን መንገድ ራሱ ይመርጣል። ቀረጻው የተወያዮቹን ንግግር ብቻ ይይዛል።»

የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ፦
የጥያቄው ሣጥን ተረስቷል። አወያዮቹም ተማሪዎች ቢሆኑ? ከመምህር ጋር ተቀናጅተው።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ይገባሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው ለተማሪ አወያዮቹም አበል ይያዝ። ለፖስተር ኅትመት ከመደብነው ላይ እቀንሳለሁ፤ ፖስተሩ ትንሽ ቢያንስ ማንም አይሞትም። ጋሼ፣ የስፒከሮቹን ኪራይ ዋጋ ብቻ ይላኩልኝ፣ እሱን ሳላውቅ ሠንጠረዡን መዝጋት አልችልም።

የጋለሪው ኃላፊ፦
ነገ ጠዋት እልካለሁ።