«ሁለት መለኪያ» የማን መለኪያ?

ዋርካው፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ የሰማ አለ? «የሕይወት አሠልጣኝ» ተብሎ የተጋበዘው ሰውዬ ስለ ድብርት ሲጠየቅ ያለውን ቃል በቃል ላስፍረው፦ «የእኛ ሰው ሁለት መለኪያ ቀምሶ፣ እንቅልፍ እንቢ ካለው ግማሽ ቫሊየም ጣል አድርጎ ቢተኛ ምን ይሆናል? ሐኪም ቤት ተመላልሶ እብድ ከመባል ይሻላል።» አዘጋጁ ሳቀና ዘፈን ከፈተ፤ በቃ። ጣቢያው ማስተባበያ ማውጣት አለበት ባይ ነኝ። ቫሊየም ያለ ወረቀት የሚሸጡት መድኃኒት ቤቶችም ይፈተሹ።

ቀሃ፦ ኧረ ተው ዋርካው! ሰውዬው ሁለት መለኪያ ነው ያለው። ሁለት። ጀሪካን አላለም። ተክዞ ግድግዳ ሲያይ ከሚያመሽ ሁለት ቀምሶ ቢተኛ አገር ይፈርሳል?

የአዘዞዋ፦ የማን መለኪያ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ ቀሃ። አንዱ ቤት 40 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሌላው ቤት 50 ይሞላል፣ በየቤቱ ደግሞ ከሃይላንድ ወደ ሻይ ብርጭቆ ይገለበጣል። 50 ሚሊ ሊትር አረቄ፣ ጥንካሬው 40 በመቶ ነው ብንል፣ 16 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ነው። ስለዚህ ያንተ «ሁለት መለኪያ» ሁለት ቢራ ተኩል ሆነ ማለት ነው። ዳግም፣ ማለትም ሁለቴ የወጣ አረቄ፣ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል፤ ሃይላንዱ ላይ በመቶኛ የጻፈልህ የለም። በባዶ ሆድ ከተጠጣ ደግሞ ቶሎ ነው ራስ ላይ የሚወጣው።

ቀሃ፦ እሰይ፣ ሒሳብ ተማርን። ሁለት ቢራ ተኩል ማንን ገደለ?

ብልኮ፦ ብቻውን ላይገድል ይችላል፤ እንቅልፉን ግን ይወስድበታል። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው የሚያጠፋው። ማታ 4 ሰዓት ላይ 32 ግራም የጠጣ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ አልኮሉ ከደሙ ያልቃል። አልኮል አንጎል ውስጥ የሚያረጋጋውን፣ ጋባ የሚሉትን፣ ያግዛል፤ የሚያነቃውን ግሉታሜትን ያፍናል። ሲወጣ የታፈነው ይነሣል፦ ልብ ድው ድው፣ ላብ፣ ቅዠት፣ ዓይን ፍጥጥ። ድብርት ራሱ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ የሚያስቀምጥ በሽታ ነው። ሁለቱ እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ያ «ግማሽ ቫሊየም» የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሰንበትበት ሲል ግማሹ ሙሉ ይሆናል፣ ሁለቱ መለኪያ ሦስት። አንጎል ስለለመደ ነው፤ ቅብጠት አይደለም።

አራዳ፦ «ግማሽ» የምትለዋም ቃል እንደ «ሁለት» ናት። ቫሊየም፣ ማለትም ዳያዚፓም፣ ሲነጋ አብሮ የሚነጋ መድኃኒት አይደለም። የዋጡት ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጉበት ከሱ የሚሠራው ሌላው ነገር ከዚያም በላይ ይሰነብታል፣ እሱም ያደነዝዛል። በየማታው 5 ሚሊ ግራም የሚውጥ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ውስጡ ያለው 5 አይደለም፣ የተጠራቀመ ነው። ጠዋት ባጃጅ ይዞ ወደ አዘዞ ሲወርድ «የወሰድኩት እኮ ትናንት ነው» ይላል። አሮጊትማ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትነሣ ወድቃ ዳሌዋ ይሰበራል፤ መሬቱ አዳለጣት ይባላል።

ሳሙና በር፦ ልጆች፣ ሁላችሁም አረቄዋ ላይ ዘመታችሁ። በዚህች ከተማ አረቄ አውጥታ ልጆቿን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰች ስንት እናት አለች። ጌሾውን ወቅጣ፣ ጭሱን ችላ። ቢራ በፋብሪካ ሲሆን ልማት፣ በእሷ ሸክላ ሲሆን ሱስ?

ዋርካው፦ ጋሼ፣ እናቶቹን ማን ነካ? እኔ የተናገርኩት ስለ ሬዲዮው ነው። ለነገሩ አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ፋብሪካው በሬዲዮ «ጠጡ» ማለት አይችልም፤ ይኼ «አሠልጣኝ» ግን አረቄን መድኃኒት ብሎ ሲሰብክ ዘፈን ይከፈትለታል።

ሳሙና በር፦ ሰውዬው የአረቄ ስም ጠርቶ አልሸጠም። ምክር ነው የሰጠው፣ መጥፎ ምክር። ለመጥፎ ምክር አዋጅ ካወጣን እድሮቹ ሁሉ ይዘጋሉ።

ቀሃ፦ 😂 ጋሼ ይኑሩልን። ደግሞ የአዘዞዋ፣ አንቺ መለኪያ ስትለኪ ዋልሽ እንጂ ቫሊየሙን ማን እንደሚሸጠው አልነገርሽንም። መድኃኒት ቤት አይደለም እንዴ?

የአዘዞዋ፦ ነው። አልክድም። ዳያዚፓምም ዘመዱ ብሮማዜፓምም በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በፍሬ ተቆጥሮ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ያ ቁራጭ ላይ ስምም የለ፣ ሚሊ ግራምም የለ። ከዚያ የባሰው ግን መደርደሪያ ላይ ያለው አይደለም፣ ቤት ውስጥ ያለው ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድም ፌኖባርቢታል አለው፤ ለነርቭ ሕመም የታዘዘላት እናት አሚትሪፕቲሊን አላት። «የእንቅልፍ ነው» ተብሎ ይዋሳል። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ከመጠን ሲያልፍ የልብን ምት የሚያዛባ ነው፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ እንቅልፉን ያከብደዋል። የተከፋ ሰው ባለበት ቤት ሙሉ ስትሪፕ ክፍት መሳቢያ ውስጥ አይተውም። ሌላ ሰው ይያዘው፣ የሦስት ቀን የሦስት ቀኑን ይስጠው። ሰው ሲጠጣ የሚከለክለው ነገር ይላላል፤ ሳይጠጣ የማያደርገውን ያደርጋል።

ዋርካው፦ እንግዲያው ፍተሻ ይደረግ፣ ሽያጩ በአንድ ቀን ይዘጋ!

ብልኮ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ዋርካው። በአንድ ቀን ስትዘጋው ዓመት ሙሉ በየማታው የዋጠውን ሰው ምን ልታደርገው ነው? በድንገት ያቋረጠ ሰው ሊንፈራገጥ ይችላል። ከቫሊየም የመላቀቅ ምልክት ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ሳምንት ሊሞላው ሲል እንኳ ይመጣል፤ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያገናኘውም። ዘዴው በሐኪም እጅ ቀስ እያሉ መቀነስ ነው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ። 10 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው 9 ይሆናል፦ አንድ ባለ 5 እና ሁለት ባለ 2። ከዚያ 8፦ አራት ባለ 2። ባለ 5ቱን ብቻ ይዘህ ለሁለት ብትሰብረው ደረጃው በ2.5 ነው የሚወርደው፣ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ወራት ይፈጃል። ፍተሻህ ይህን ካላሰበ የሚያመጣው ድንገተኛ ክፍል ሞልቶ ማደር ነው።

ቀሃ፦ እሰይ! ስለዚህ «ግማሽ ቫሊየም» ብሎ መቀነሱን የመከረው ሰውዬው ልክ ነበር 😂

ብልኮ፦ ቀሃ፣ እሱ ለመጀመር ነው የመከረው፣ እኔ ስለ መጨረስ ነው የማወራው።

ሎዛ፦ ሁላችሁም ረሳችሁት እንጂ መፍትሔው ቅርብ ነው። አረቄውንም ክኒኑንም ጥሎ ሰባት ቀን ጠበል መጠመቅ። ስንቱ ድኗል።

ብልኮ፦ እህቴ ሎዛ፣ ጠበሉን አልነካም። «ጥሎ» የምትለዋን ቃል ግን እነካለሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው የመጨረሻዋን መለኪያ ከጠጣ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊንፈራገጥ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ከባዱ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ላብ፣ ግድግዳ ላይ ትል ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳት። ይህ ጠበል ቦታ ላይ ሲሆን ምን ይባላል? «ጮኸ፣ ሊለቅ ነው፣ ያዙት፣ ጨምሩበት።» ያ ሰው ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው፣ በዚያው ሌሊት። ሆስፒታል ሲደርስም ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን፣ ቢ1 የሚሉትን፣ በመርፌ ማግኘት አለበት። የጠጪ ሰው ታያሚን ያለቀ ነው፤ ስኳሩ ቀድሞ ከገባ የቀረችውንም ይጨርሳታል፣ ዓይኑ ይዋልላል፣ ትዝታው ላይመለስ ይችላል።

ሎዛ፦ እንግዲህ የሚጮኸው ሁሉ ጠጪ ነው እያልክ ነው? ከእምነት ጋር አትጋጩ ብያለሁ።

ብልኮ፦ ሁሉ አላልኩም።

ሎዛ፦ «ጨምሩበት» ብለህ ማሾፍህስ?

አራዳ፦ ሎዛ፣ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተምረዋል። ለዚያ የተፈቀደው ለዚህ አይከለከልም። ሰውየው ክኒኑን እየቀነሰ፣ ጠበሉንም እየተጠመቀ መሄድ ይችላል። አስተናባሪዎቹ ግን ሲገባ «ምን ትጠጣለህ? ምን ትውጣለህ?» ብለው ይጠይቁ።

ሎዛ፦ እሱስ ደግ ነው። መንገዱ ግን እንዲህ ነው የሚነገረው፣ በማሾፍ አይደለም።

ሳሙና በር፦ ጨብሲውንስ ማን ያንሣው? ቀን ጫት፣ ምርቃናውን ለመስበር ማታ አረቄ፣ አረቄው ካልሰበረው ቫሊየም። ከአረቄዋ እናት በፊት የጫቱን ቤት ጠይቁ።

የአዘዞዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትክክል ነዎት። ጫቱ ሲያነቃቃው የጠጣው መጠን አይታወቀውም፣ «አልሰከርኩም» ብሎ ይጨምራል። ጫቱ ሲለቀው አረቄና ክኒን ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ሁለቱም አተነፋፈስን የሚያዘገዩ። ሰው በእንቅልፉ የሚሞተው በዚህ ነው። ከባድ ማንኮራፋት፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንጎረጎር ድምፅ፣ በደቂቃ ከ8 ያነሰ ትንፋሽ፣ ከንፈር መጥቆር፤ ይህን እያዩ «ይተኛ፣ ሲነጋ ይለቀዋል» አይባልም። በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጎ፣ የዋጠውን ስትሪፕ ይዞ ወደ ሆስፒታል።

ቀሃ፦ መራራ ቡና ቢያጠጡትስ? ቀዝቃዛ ውኃ?

የአዘዞዋ፦ ራሱን የሳተ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ምንም አታፍስ! ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። ለማስመለስም ጣትህን አትክተት። ቡና ጉበትን አያፈጥንም፤ የነቃ ሰካራም ነው የምታገኘው።

ቀሃ፦ እሺ እሺ። ግን አንዳችሁም «እብድ ከመባል ይሻላል» ያለውን አልነካችሁም። እሱ እኮ እውነት ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ወረፋ ላይ ጎረቤት ካየህ በማግስቱ ቀበሌው በሙሉ ሰምቷል። ለምን ሁለት መለኪያ አይቀልም?

አራዳ፦ አሁን ቁምነገር ተናገርክ። ይሉኝታው እውነት ነው፣ ግን እየቀለለ ያለው ነገር አለ፦ ለድብርት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል፣ እዚያ ደግሞ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም። የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት ነው የሚወሰደው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረቄ በሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ፍሉኦክሴቲን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ሊያቁነጠንጥ፣ ሆድ ሊያውክ ይችላል። በዐሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ጥሎት ወደ መለኪያው ይመለሳል። ሲሻለው ደግሞ «ዳንኩ» ብሎ ያቋርጣል፤ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል አለበት።

ብልኮ፦ ሌላም አለ። መጠጡን በደህና መንገድ ያቆመ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ድብርቱ ራሱ የሚለቀው ጊዜ አለ። መጠጡ ነበራ ያደበረው! ለዚህ ነው ሐኪሙ «ምን ያህል ትጠጣለህ» ሲል «ሁለት መለኪያ» ብሎ የሚመልስ ሰው መድኃኒቱን የሚያሳስተው።

ቀሃ፦ ተመለስክ ወደ ሁለት መለኪያ።

ዋርካው፦ ለጣቢያው የሚላከውን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። የመድኃኒት ቤቶቹን ፍተሻ አውጥቼዋለሁ፣ ለብልኮ ስል። ማን ይፈርማል?

የአዘዞዋ፦ ለምን ታወጣዋለህ? ፍተሻው ይኑር፣ ቀስ ብሎ ይሁን ተባለ እንጂ አይኑር አልተባለም።

ሳሙና በር፦ «አረቄ» የሚለው ቃል ካለበት አልፈርምም። «የአልኮል መጠጥ» በሉት፣ ቢራውም ውስኪውም ይግባበት።

ሎዛ፦ ጠበል የሚል ካለበት እኔም።

ቀሃ፦ እኔ እፈርማለሁ፣ አንድ ነገር ካስተካከላችሁ። ሰውዬው «ሁለት መለኪያ» ነው ያለው፤ ዋርካው ረቂቁ ላይ «ብዙ መጠጣትን አበረታቷል» ብሎ ጽፏል። ያላለውን አትጻፉበት።

የአዘዞዋ፦ «32 ግራም» ብለህ ጻፈው ዋርካው።

ሳሙና በር፦ ባለ 40 ሚሊ ሊትሩ መለኪያ ከሆነስ? የአረቄዋ እናት መለኪያ ባለ 40 ነው።