«ተውላጠ ስም በስም ምትክ ይገባል፤ አለቀ»

ቀይ ብዕር፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ያያችሁ? «ተውላጠ ስም በስም ምትክ ይገባል፤ አለቀ» ይላል። ምኑ ነው ያለቀው? «ዘ ቶል ገርል ኬም» የሚለውን ያዙ። ስሙ «ገርል» ነው። በምትኩ «ሺ»ን አስገቡና አንብቡት፦ «ዘ ቶል ሺ ኬም»። እንዲህ የሚል አለ? «ሺ» የሚተካው ሐረጉን በሙሉ ነው፤ «ዘ»ንም «ቶል»ንም ጠራርጎ።

ጠመኔ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለጀማሪ እንጂ ለሊቃውንት ጉባኤ አልጻፍኩም። ደግሞ «ዘ ሬድ ዋን» ሲባልስ? «ዋን» የተካው ስሙን ብቻ ነው፤ «ዘ» እና «ሬድ» ካሉበት አልተነቃነቁም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ነጠላ ሰረዝ፦ ዘንዶውን ያወጣኸው አንተው ነህ። «ሺ» እና «ዋን» እንዲህ ከተለያዩ ነገሩ በአንድ መስመር እንዴት አለቀ? እሺ፣ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ላይ «ኢት» የምን ምትክ ነው? የዝናቡ? የሰማዩ? የምንም! እንግሊዝኛ ግሡን ያለ ባለቤት ስለማያቆመው የገባ ነው። አማርኛ «እየዘነበ ነው» ብሎ ይገላገላል፤ ባለቤቱ ግሡ ላይ ተለጥፏል። ተማሪው «ኢት»ን ዘሎ «ኢዝ ሬይኒንግ» የሚለው ለዚህ ነው።

ቀይ ብዕር፦ አለቀ 😂

ጠመኔ፦ «አለቀ»ን ልቀቋት እንጂ! ጀማሪውን የሚጥለው ስሙ ነው። «ሦስት መጽሐፍ» ደህና አማርኛ ነው፤ ቁጥሩ ብዛቱን ነግሮናል። ያንኑ ይዞ «ስሪ ቡክ» ይላል፣ «ኤስ» የለም። «ኤስ» ጨምር ሲሉት ደግሞ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ» ይላል። እነዚህ አይቆጠሩም፤ መቁጠር ካስፈለገ «ቱ ፒስስ ኦቭ አድቫይስ» ነው።

እንዝርት፦ ይሄ ልክ ነው። ግን ጽሑፍህ ውስጥ «ኤቭሪዋን ሹድ ብሪንግ ሂዝ ቡክ» ያልከውስ? «ሂዝ» «የእሱ» ማለት ነው፤ ሴቶቹ መጽሐፍ የላቸውም? «ዜር» (የእነሱ) በል።

ጠመኔ፦ «ኤቭሪዋን» ነጠላ፣ «ዜር» ብዙ። ዘመን ያመጣውን ሁሉ አላስተምርም።

እንዝርት፦ የትኛው ዘመን? ለአንድ ሰው የሚባለው ነጠላው «ዘይ»፣ «ዜር» የወጣበት፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። በሕግ ጽሑፍ የወንድ ተውላጠ ስም («ሂ»፣ «ሂዝ») ሴቷንም ያጠቃልላል ብሎ የእንግሊዝ ፓርላማ የደነገገው ግን በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ የቱ ነው እንግዲህ? «ዩ»ም እኮ የብዙ ነበር፤ ነጠላው «ዛው» ነበር። ለአንድ ሰው «ዩ አር» ስትል አልጎረበጠህም። «እርስዎ መጡ» ስትልም ግሡ የብዙ ነው፣ ሰውየው አንድ።

ጠመኔ፦ «እርስዎ» አክብሮት ነው፤ አታደባልቂ።

እንዝርት፦ አክብሮት መሆኑ የግሡን ቅርጽ አይቀይረውም። ለአንድ ሰውም ቢሆን «ዘይ አር» እንጂ «ዘይ ኢዝ» አይባልም፤ ያው ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦ ካነሳችሁት አይቀር፣ የትምህርቱ መጨረሻ ላይ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» የሚልም አለ። ከ«ቢትዊን» ቀጥሎ «ሚ» ነው። ለመፈተን «ዩ»ን አውጥተህ ሌላ መስተዋድድ ስጠው፦ «ፎር አይ»? «ፎር ሚ» ነው እንጂ።

ጠመኔ፦ እሱን አስተካክላለሁ። የቀረው ጉንጭ አልፋ ነው።

ቀይ ብዕር፦ «አለቀ»ንም አብረህ ሰርዛት።

ጠመኔ፦ አልሰርዝም።