ጥቆማ፦ 10 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር አዲስ አበባ ከየት ይገዛል?

የውሃ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ 77 ሚሊሜትር 10 ስቶፕ ኤንዲ (ሌንስ ላይ የሚገባ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) እየፈለግኩ ነው፣ ኦሪጅናል የሚሸጥ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ። ከብራንዱ ኬ ኤንድ ኤፍ ይሻላል ኒሲ? ላንጋኖ ወርጄ ካሜራውን ረጅም ሴኮንድ ከፍቼ ሞገዱን ጭጋግ ማስመሰል ነው ያማረኝ፣ ውሃ ዳር ከተቀመጥኩ የሚያነሳኝ የለም 😄 እየዞረ የሚጨልመውን ቫሪያብል አልፈልግም።

ሸገር ሌንስ፦ ቫሪያብሉን ግዢና ተገላገይ

የውሃ ልጅ፦ ኧረ አልፈልግም አልኩ እኮ! በዋይድ (ሰፊ በሚያሳይ) ሌንስ ጥግ ድረስ ሲጨልም ፎቶው ላይ ኤክስ ምልክት ይሠራል

ባለ ትራይፖድ፦ ፊልተሩ ይቆይና ትራይፖድሽ ምንድነው? ከሰዓት እዚያ ነፋስ ይነሳል፣ ቀላል ከሆነ ቦርሳሽን አንጠልጥይበት

የነደደው፦ ፊልተር ስትሉ ቁስሌን ነካችሁት። ፒያሳ ሳይፈርስ አንድ ሱቅ 10 ስቶፕ ነው ብሎ ሸጠልኝ፣ መስከረም ላይ ውሃው ሞልቶ ጢስ ዓባይ ድረስ ይዤው ሄድኩ፣ ሂሳቡ 30 ሴኮንድ ክፈት ይላል፣ ከፍቼ ብጠብቅ ፎቶው ነጭ ወረቀት! 2 ሴኮንድ ላይ ነው ልክ የመጣው፣ ማለት 6 ስቶፕ ነው በለው፣ አረፋው ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ። ልመልስ ስል "ካሜራህ ነው የተበላሸው" አለኝ እኮ ሰውዬው

ሚሚ ክሊክ፦ የቱ ሱቅ ነው? ስም ጥራ

የነደደው፦ አልጠራም

ሚሚ ክሊክ፦ መግቢያው ላይ ደረጃ ያለው ሱቅ ነው አይደል? እኔንም ባትሪ አሸክሞኛል

ቋሚ ደንበኛ፦ ስታዲየም አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ ከሱ ውጭ አልገዛም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ

የነደደው፦ ኤንዲ ገዝተህበታል?

ቋሚ ደንበኛ፦ ኤንዲ እንኳን አልገዛሁም፣ ሜሞሪና ቻርጀር ነው፣ ግን ልጁ አይዋሽም

አሽሙረኛው፦ ወደቡ እስኪገኝ በላንጋኖ ተለማመዱ እንግዲህ

ዱባይ ነኝ፦ እህቴ ማንም ጋር ብትገዢ ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ። ያለ ፊልተር አንድ ሠላሳኛ ሴኮንድ ላይ ልክ የመጣ ነገር፣ 10 ስቶፕ ስታደርጊበት 30 ሴኮንድ ገደማ ካልፈለገ ውሸት ነው፣ ብርሃኑን በሺህ ነው የሚቀንሰው። ነጭ ወረቀትም አንሺበት፣ ቀለም ካለው እዚያው ይጋለጣል። ውሃው ዳር ደግሞ ፎከሱን መጀመሪያ ያዢና ማኑዋል አድርጊው፣ ከዚያ ነው ፊልተሩ የሚገባው፣ አለበለዚያ በጨለማ ትዳብሻለሽ። ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ከሆነ ቪውፋይንደሩን፣ በዓይንሽ የምታዪበትን ቀዳዳ፣ ሸፍኚ፣ ብርሃን በዚያ ይገባል። አነስ ላሉት ሌንሶችሽ ስቴፕ አፕ ሪንግ (ትልቁን ፊልተር ትንሹ ሌንስ ላይ የሚያስገጥም ቀለበት) ይበቃል፣ ሌላ ፊልተር እንዳያሸክሙሽ።

የውሃ ልጅ፦ ይሄን ነበር የፈለግኩት፣ ተባረክ 🙏

ቋሚ ደንበኛ፦ ልጁ ጋር ሞክሪው በቃ፣ ከኔ ነው የመጣሁት በይው

ሸገር ሌንስ፦ ሴንሰር የሚያጸዳ ሰውስ? የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ኤፍ 16 ላይ ሳነሳ ሰማዬ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ሆነብኝ

ሚሚ ክሊክ፦ ለሱ የራስህን ፖስት ክፈት 😂