የወራሽነት ማስረጃ የት ነው የሚወጣው? አባቴ ለገጣፎ፣ እኔ ካራ

የካራዋ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ አርባው ወጥቷል። የኖረውም ያረፈውም ለገጣፎ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ካራ ነኝ፣ መታወቂያዬም የየካ ነው። ባንክ ትንሽ ገንዘብ አለው፣ የካ ውስጥ ደግሞ በስሙ ቤት አለ። ባንኩ «የወራሽነት ማስረጃ አምጪ» አለኝ። አዲስ አበባ አንድ ከተማ ፍርድ ቤት ወረፋ ይዤ ገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቴን አየችና «የእኛ አይደለም» ብላ መለሰችኝ። ጎረቤት ቀበሌ ሂጂ ይላል፣ ሌላው ልደታ ፍርድ ቤት ይላል። ግራ ገባኝ።

ባለታክሲው፦ ልደታ ነዋ! ትልቁ እያለ ትንሹ ጋ ምን ያንከራትትሻል?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ እንዲህ እያላችሁ ነው ሰው የምታንከራትቱት። ልጄ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ልክ ናት። ውርስ የሚከፈተው ሟች ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 826 ነው። ያንቺ መታወቂያ የየካ መሆኑ ለውጥ አያመጣም።

ዳር ዳር ያለነውን የሚያምታታን ይሄ ነው። አስፋልቱ አንድ፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓይነት። ካራን አልፈሽ ለገጣፎ ስትገቢ ኦሮሚያ ነው። ክልሉ የራሱ ወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለው። ዳኞቹን የሚሾመው ጨፌው፣ የክልሉ ምክር ቤት ነው። ያንቺ ጉዳይ የሚጀመረው ከወረዳው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይሠራሉ። ከጎናቸው የከተማው ፍርድ ቤቶች በ1995ቱ ቻርተር፣ ማለትም በከተማው መተዳደሪያ አዋጅና በማሻሻያው የተሰጣቸውን ብቻ ያያሉ። አባትሽ ካራ ይኖሩ ቢሆን ኖሮ ከተማው ይበቃሽ ነበር። የቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ለአነስተኛ ብር ክርክር ነው፣ ወራሽነት አያረጋግጥም።

የሱሉልታዋ፦ እኔም አልፌበታለሁ። ማመልከቻው በኦሮምኛ ነው የሚጻፈው፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጸሐፊዎች አይጠፉም። ኦሮምኛ ካልቻልሽ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ጠይቂ። የሞት ምስክር ወረቀትና የልደት ማስረጃ ያዢ። ምስክሮቼን ከዕድር ነው የወሰድኩት፣ አባዬን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የማስረጃውን ግልባጭ ሁለት ሦስት አድርገሽ አውጪ። እኔ አንድ ብቻ ይዤ ባንክ ሄጄ፣ ለማስተርጎምም ለማጣራትም ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።

የካራዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። በአባቴ በኩል ሌላ ወንድም አለኝ። ቤቱን «አባባ በሕይወት እያለ ሰጥቶኛል» ይላል። ወረቀት ግን የለውም። ማመልከቻው ላይ ስሙን ልተወው ወይ?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ አይ ልጄ፣ ዋናውን ደብቀሽኝ! እንዳትተዪው። ከጋብቻ ውጪም ቢወለድ ልጅ ልጅ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ እኩል መብት ሰጥቶታል። ብትዘይው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 ተቃውሞ ያቀርብና ማስረጃሽን ያሰርዝብሻል። ከዚያ እንደ አዲስ «ሀ» ብለሽ መጀመር ነው።

የቤቱ ነገር ግን ሌላ መዝገብ ነው። ማስረጃው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ቤቱ የማን ነው የሚለውን አይቆርጥም። ክርክሩ ከመጣ ቤቱ ባለበት ይታያል። ያውም አዲስ አበባ ስለሆነ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የካ ምድብ። ቤት ደግሞ በቃል አይሰጥም። ስጦታው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚነበብ ኑዛዜ በሚጻፍበት ፎርም መደረግ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443። ወረቀት ከሌለው አቅሙ ወሬ ብቻ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት፣ ወንድምሽ ነው።

ባለታክሲው፦ እሺ አባባ፣ ተረታሁ። የካራዋ፣ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ለገጣፎ እጭናለሁ። ምስክሮችሽን ይዘሽ ነይ፣ ከፊት ወንበር እይዝልሻለሁ።