ከጅማ የመጣልኝን የእናቴን ነጠላ ምን አደረግኩት?

"የእናቴ ነጠላ ከጅማ መጣልኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ላስቀምጠውም ልለብሰውም አልቻልኩም" ላልሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም ስላለፍኩበት የማውቀውን ልንገርሽ።

እናቴ ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ከወጣሁ መመለስ የለም። ቀብሯም ሰማንያዋም አመለጠኝ። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከአራት ሐበሾች ጋር ነው። በሦስተኛው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ነጠላዋን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ስፈታው መሃሉ ላይ ቡና አለ። የአክስቴ ሥራ ነው፤ ባዶ ዕቃ መላክ አይሆንላትም።

መጀመሪያ ቆራርጬ ልሰፋው ነበር። እዚህ አሜሪካ የሟች ልብስ ቆርጦ ብርድ ልብስ መስፋት የተለመደ ነው። በኤድስ ለሞቱት መታሰቢያ ተሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ፎቶ አይቼ ነው የተነሳሳሁት። እያንዳንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የመቃብር ልክ። ለአክስቴ በስልክ ብነግራት "ምነው ልጄ፣ በመቀስ?" ብላ ጮኸች። ለካስ በሌላም በኩል ልክ ነበረች። የእጅ ፈትል ስስ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቆረጠ ከዳር እየተተረተረ ያልቃል።

ስለዚህ ሳትቆርጪ ሌላ ጨርቅ ላይ ስፊው። ከነጠላው በየጎኑ አራት ጣት የሚተርፍ ጥጥ ጨርቅ ግዢ። አስቀድመሽ እጠቢው፤ አለዚያ በኋላ ተኮማትሮ ነጠላውን ያጨማድደዋል። የጥለቱን ቀለም ደግሞ ፈትሺ፤ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጫን አድርጊበት፣ ከለቀቀ ውሃ አታስነኪው። በጥጥ ክር፣ በእጅ፣ ሳትወጥሪው ሰፋ ሰፋ አድርገሽ አያይዢው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀዪው።

የእናቴ ነጠላ ላይ የቡና ጠብታ ነበረበት፣ የሳንቲም ያህል። ጓደኞቼ "በበረኪና ይለቃል" አሉኝ። በረኪና! እኔ ጥልፌን የጀመርኩት ከዚያች ጠብታ ነው። ከሥሯ ሲኒ ጠለፍኩ። አጠገቡ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ሞክሬ ነበር፤ ዶሮ ቤት መሰለብኝና ፈታሁት።

አሁን ዋናው ነገር። በሐዘን ጊዜ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አይደል የሚለበሰው? እኔም የሰቀልኩት ዘቅዝቄ ነው። ጥለቱ በሁለቱም ጫፍ ስለሆነ ነጠላውን ለሁለት አጥፌ በአንድ በኩል አገናኘሁት። ዘንግ የሚገባበትን እጥፋት ከላይም ከታችም ሰፋሁ፤ ሙት ዓመቷ ሲደርስ እንዲገለበጥ ብዬ። ጥልፉ የሚቃናው ያኔ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ሲኒውም በርጩማውም ተዘቅዝቀው ከረሙ። ጠብታዋም ከሲኒው የፈሰሰች ትመስል ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄ ነገር ተገልብጧል እኮ" ይለኛል። "አውቃለሁ" እላለሁ።

ሙት ዓመቷ ዕለት አራቱን ሐበሾች ጠርቼ፣ ቡና አፍልተን ገለበጥነው። ጠብታዋ አሁን ከሲኒው በላይ ናት፣ እንፋሎት መስላ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወንድሞችሽ "የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጥ" ካሉ አትጣዪአቸው፣ የእኛም ቤት እንዲሁ ነው የሆነው። ቀሚሶቿን ስጡ፣ ነጠላውን አስቀሪ። ለመሆኑ ያንቺው ጥለት ምን ቀለም ነው? ክር ተርፎኛል፣ በፖስታ ልልክልሽ እችላለሁ።